ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም፦ የቱ ቤት ይቆያል? የቱስ አያሳድርም?

ጅማ ላይ ይህን ሕመም በሕክምና ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። «ነርቭ ያዘኝ» ይላል አንዱ፣ «ብርድ መታኝ» ይላል ሌላው፣ «ዲስኬ ተንሸራተተ» የሚልም አለ፤ እናቶች ደግሞ «ቁርጥማት ነው» ብለው ያልፉታል። ሕመሙ ግን መንገዱ አንድ ነው። ከወገብ ወይም ከመቀመጫ ይነሣል፣ በጭን ጀርባ ወይም በጎን ይወርዳል፣ ጉልበትን አልፎ ባት ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ አንዳንዴም እግር ጣት ድረስ ይዘልቃል። እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ያቃጥላል፣ ይወርራል። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሽንት ቤት ሲያምጡ ይብሳል። ሐኪሞች ሳያቲካ የሚሉት ይህንን ነው።

«መቼ ልታከም?» ሲባል አብዛኛው ሰው መልሱን ከሕመሙ ብርታት ይፈልጋል። ከቻለው ይታገሣል፣ ካቃተው ይሄዳል። ብዙ እግር የሚጎዳው በዚህ ሒሳብ ነው። እንቅልፍ የሚነሣ፣ የሚያስጮህ ሳያቲካ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሕመሙ ቀለል ያለ፣ እንዲያውም እየቀነሰ የሄደ ሳያቲካ ደግሞ እግርን ሊያዝል፣ ሽንትን ሊዘጋ ይችላል። የሚያስቸኩለው የነርቩ ሥራ መቋረጡ ነው፤ ሕመሙ ብቻውን አይናገርም።

ሳያቲክ ነርቭ ከሰውነት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ነው፤ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ከአከርካሪው ታችኛ ክፍል በሚወጡ አምስት ሥሮች ይገመዳል፣ በመቀመጫ ውስጥ ያልፋል፣ በጭን ጀርባ ወርዶ ጉልበት አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። ብዙውን ጊዜ የሚጨመቀው እግር ላይ አይደለም፤ ሥሩ ከአከርካሪው ሲወጣ ነው። የመስኖ ቦይ ከላይ ሲደፈን የሚጠወልገው ታች ያለው ጎመን ነው፤ ወገብ ላይ የተጨመቀ ሥርም ባትንና ጣትን ያሳምማል። ባት ቢታሽ ቢታሽ የማይፈታው ለዚህ ነው።

በሥራ ዕድሜ ላይ ባለ ሰው ዋናው ምክንያት ዲስክ ነው። ዲስክ በአጥንቶቹ መሐል ያለ ትራስ ነው፤ ዳሩ ጠንካራ ቀለበት፣ መሐሉ ለስላሳ። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ለስላሳው ይወጣና ሥሩን ይጫናል፣ ያስቆጣዋል። 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ከመሬት አንሥቶ ወገብን እያዞሩ መኪና ላይ መጫን፣ ወይም 25 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ዳገት መውጣት ለዚህ ያመቻል። «ተንሸራተተ» ይባል እንጂ ዲስክ ከቦታው አይነቀልም፤ ስለዚህ በእጅ ተገፍቶ የሚመለስ ነገር የለም። የወጣውን ቁራጭ ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ በወራት ውስጥ ያሟሟዋል። በዕድሜ በገፉት ላይ ደግሞ ነርቮቹ የሚያልፉበት የአከርካሪ ቦይ ይጠባል። እነርሱን የሚለያቸው አንድ ነገር አለ፦ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲቀመጡ ይቀላቸዋል። ወደ ጅሬን የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ከሚሰማቸው ይልቅ ሲወርዱ የሚሰማቸው ይብሳል፤ ቁልቁለት ወገብን ወደ ኋላ ያቀናል፣ ቦዩን ያጠባል።

አሁን ወደ ማያሳድረው። በአከርካሪው ታችኛ ክፍል ውስጥ እንደ ፈረስ ጭራ የተዘረጋ የነርቮች ዘለላ አለ። ሽንትን፣ ሰገራንና ብልትን የሚያዙት ነርቮች እዚያ ናቸው። ትልቅ ዲስክ መሐል ለመሐል ወጥቶ ይህን ዘለላ ከተጫነው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ከተሠራ የመዳን ዕድሉ ይሻላል፤ ከዘገየ ሽንትን በቱቦ የማስወጣት ኑሮ ዕድሜ ልክ ሊቀጥል ይችላል።

ምልክቶቹ ስውር ሆነው ነው የሚጀምሩት። ፊኛው ሞልቶ ሽንት «መጣ» የሚለው ስሜት ይጠፋል፤ ለመጀመር ማማጥ ያስፈልጋል፤ ሲወርድም ይቆራረጣል። መፍሰስና ማምለጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ሽንት አላመለጠኝም» ብሎ መረጋጋት አይበቃም። ሁለተኛው፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻው የሚነካው ቦታ፣ ማለትም የፊንጢጣ ዙሪያ፣ ብልትና የጭን ውስጥ፣ ይደነዝዛል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሽንት ቤት በኋላ በውሃ ስትታጠቡ የእጃችሁ ንክኪ ወይም የውሃው ቅዝቃዜ እንደ ወትሮው ካልተሰማችሁ ያው ነው። ሦስተኛው ሕመሙ ወይም ድንዛዜው ከአንድ እግር ወደ ሁለቱም ሲዛመት ነው። ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ በወንድ ላይ በድንገት የመጣ የብልት አለመቆም፣ በሴትም በግንኙነት ጊዜ ስሜት ማጣት እዚሁ ይገባሉ።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ወገብና እግር ከያዘ ሕመም ጋር ከመጣ ጅማ ከተማ ያለ ሰው በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ ሌሊትም ቢሆን። ከአጋሮ፣ ከዴዶ ወይም ከጌራ የሚመጣ ሰው አቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አምቡላንስ እንዲጠራለት ያድርግ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሪፈር ለማጻፍ ወይም መድን ለማሳደስ ተብሎ ጠዋት አይጠበቅ። «ኩላሊት ይሆናል»፣ «ፕሮስቴት ይሆናል»፣ «የወሰድኩት ክኒን ነው» እያሉ መገመትም አንድ ሌሊት ያስበላል። ግምቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ያንን የሚለየው ሐኪሙ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚጎዳው በእፍረት ነው። በሽተኛው ድንገተኛ ክፍል ደርሶ «ወገቤን» ብቻ ይላል፤ አባት ልጁ አጠገቡ ቆማ ስለ ብልቱ አይናገርም፣ ሴትም ለወንድ ባለሙያ ስለ መታጠቧ አትናገርም። ወገብ ብቻ የተባለ ሕመም ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ቤት ሳላችሁ በወረቀት ጻፉት፦ «ከትናንት ማታ 2 ሰዓት ጀምሮ ሽንት አልመጣልኝም፤ ፊንጢጣዬ ዙሪያ ደንዝዟል።» መጀመሪያ ለሚቀበላችሁ ነርስ ስጡ። በቂ ነው። አስታማሚ የሆናችሁም «አባዬ፣ ሽንት ስንት ሰዓት ላይ ነው የወጣዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ የሚነግራችሁ የለም።

ቀጥሎ የእግር አቅም ይመጣል። ይህንን በየጠዋቱ ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው አጠገባችሁ ይቁም፣ እናንተም የበር መቃን ያዙ። መጀመሪያ በተረከዝ ብቻ አሥር እርምጃ ሂዱ። የአንዱ እግር ፊት ከመሬት አልነሣ ካለ ወይም ቶሎ ከወደቀ የተጎዳው በአብዛኛው አምስተኛው የወገብ ሥር ነው። ቀጥሎ በአንድ እግር ቆማችሁ በጣት ጫፍ አሥር ጊዜ ብድግ በሉ፣ ከዚያ በሌላው። ጤነኛው አሥሩን ጨርሶ የታመመው ሦስት ላይ ከቆመ ከዳሌ የሚወጣው የመጀመሪያው ሥር ነው። ከዚያ ተቀምጣችሁ ሁለቱንም አውራ ጣቶች ወደ ላይ ቀስሩ፤ ሌላ ሰው በእጁ ወደ ታች ይጫናቸው። እኩል መግፋት አለባቸው። በመጨረሻ አንድ ደረጃ በእያንዳንዱ እግር ውጡ፤ ጉልበት ከከዳ አራተኛው የወገብ ሥር ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው አሥሩን ላይጨርስ ይችላል። የሚነጻጸረው ከጎረምሳ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከሌላው እግር ጋር ነው።

ሳይፈተንም የሚታይ አለ። ነጠላ ጫማ ከአንድ እግር ሳይታወቅ ይወልቃል። ሲራመዱ አንዱ እግር መሬት ላይ ጧ ይላል። ደልዳላ መንገድ ላይ የጣት ጫፍ እየነካ ያደናቅፋል። በባጃጅ ሲወጡ እግርን በእጅ አንሥቶ ማስገባት ያስፈልጋል። እነዚህ የእግር መውደቅ ምልክቶች ናቸው።

«ስለሚያመኝ ነው አልቻልኩም» የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። ሕመም የከለከለው እግር ለአፍታ ሙሉ ኃይሉን ያሳይና ይለቃል፤ የዛለ እግር ግን ሕመም ባይኖርም ያንኑ ያህል ደካማ ነው። የእግሩ መዛል አዲስ ከሆነ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መታየት አለበት። ከትናንት ዛሬ እየባሰ ከሆነ፣ ወይም እግሩ ጨርሶ ካልታዘዘ፣ ያንኑ ቀን ወደ ድንገተኛ። በወር መጨረሻ ቀጠሮ የሚያዝለት ነገር አይደለም።

አሁን ከሁሉ በላይ እንዲያዝ የምፈልገውን ልናገር። ሕመሙ በድንገት ቀንሶ በምትኩ እግሩ ከደነዘዘና ከዛለ መዳን አይደለም። ነርቩ መጮኹን የተወው መልእክት ማስተላለፍ ስላቃተው ነው። እውነተኛ መሻል የሚታወቀው በሌላ ነው፦ ሕመሙ ከጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እያሳጠረ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ወገቡ ትንሽ ቢብስ እንኳ ጥሩ ምልክት ነው። የእግሩ አቅም ግን እንዳለ መቆየት ወይም መጨመር አለበት።

መርፌ መቀመጫ ላይ ሲወጋ እንደ መብረቅ እግር ድረስ ነዝሮ እግሩ የዛለበት ሰውም እዚሁ ተርታ ነው። መርፌው ነርቩን ነክቶት ይሆናል፤ በዚያው ቀን ይታይ። ለዚህ ሲባል ነው መርፌ በመቀመጫ ላይኛውና ውጨኛው ሩብ ላይ ብቻ የሚሰጠው።

ሰዓት ሳይሆን ቀናት የሚሰጡም አሉ፤ በሳምንቱ ውስጥ መታየት የሚገባቸው። በእኛ አገር የጀርባ አጥንት ቲቢ እንዳለ መዘንጋት አይገባም። የማታ ላብ፣ ዝቅ ያለ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲተኙ የማይተውና ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ አከርካሪ ላይ ብቅ ያለ ጉብታ ካለ መመርመር የግድ ነው፤ ሳል ባይኖርም። ያልፈላ ወተት ለሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር ለሚውል ሰው ብሩሴሎሲስም ተመሳሳይ ሆኖ ይመጣል። ቀድሞ ካንሰር የነበረበት፣ ኤችአይቪ ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰደ፣ ከዛፍ የወደቀ ወይም ከሞተር የተገለበጠ፣ ዕድሜው ከ20 በታች ወይም ከ50 በላይ ሆኖ ሕመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው አይጠብቅ። ከፍተኛ ትኩሳት ከጀርባ ሕመም ጋር ከመጣ ግን ያንኑ ቀን።

ሳያቲካ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ደግሞ መታሸት የለባቸውም። አንዱ፣ ከወሊድ፣ ከአልጋ ቁራኝነት ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ባት ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲጠጥር ነው፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታያል። ሌላው አልማዝ ባለጭራ ነው፦ በአንድ ጎን ብቻ በቀጭን መሥመር ያቃጥላል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሌለበት ሰው፣ ማለትም የሚያመው አንድ እግር ብቻ፣ አቅሙ እኩል፣ ሽንቱ ደህና፣ ትኩሳት የሌለው፣ ቤት መቆየት ይችላል። እስከ ስድስት ሳምንት ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። በሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ሕመሙ እንቅልፍና ሥራ ከነሣ፣ ስድስቱን ሳይጠብቁ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ቤት መቆየት አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ መተኛት ጡንቻን ያዝላል፣ ሕመሙንም ያራዝማል። በቀን አራት አምስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በደልዳላ መንገድ መራመድ ይሻላል። ሕመሙ ሲበረታ ጀርባ ላይ ተኝቶ ባትን ወንበር ላይ መስቀል፣ ጉልበትና ዳሌ በትክክለኛ ማዕዘን እንዲታጠፉ አድርጎ ለ15 ደቂቃ መቆየት ሥሩን ያሳርፈዋል። ሌሊት በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መሐል ትራስ ማድረግ።

የጅማ በርጩማ ውብ ነው፤ ሳያቲካ ለያዘው ሰው ግን አይሆንም። ከጉልበት ዝቅ ብሎ መቀመጥ ወገብን ያጎብጣል፣ ዲስኩን ወደ ኋላ ይገፋል። ቡና የምታፈላው ታማሚዋ ራሷ ከሆነች ለጥቂት ሳምንት ሌላ ሰው ያፍላ፣ ወይም ከበርጩማው ወደ ከፍተኛ ወንበር ተነሥታ ምድጃውም ከፍ ይበል። ፍራሽ ላይ ጎንበስ ብሎ ለሰዓታት ጫት መቃምም ያው ነው፤ በየ30 ደቂቃው ካልተነሡ ሕመሙ ማታ ይመጣል። ሩኩዕና ሱጁድ ሕመሙን እግር ድረስ ካወረደው ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሄድ የግድ ከሆነ ፎጣ ጠቅልሎ ወገብ ሥር ማድረግ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ መራመድ። ድርቀትንም አትናቁት፤ ማማጥ ሥሩን ይጫናል። ውሃ፣ ጎመን፣ የተልባ ውሃ ይረዳሉ።

ከፋርማሲ የሚገዛው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር በየ8 ሰዓቱ፣ ከአንድ ሳምንት ሳያልፍ፣ ለብዙ ጤነኛ ጎልማሶች በቂ ነው። ዲክሎፌናክ ወገኑ ነው፤ ሁለቱን መደረብ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳይጠይቁ ሁለቱንም አይንኩ። ጾም ላይ ያለ ሰው በባዶ ሆድ አይውሰድ፤ ሰዓቱን ከምግቡ ጋር ያስኪድ። የቫይታሚን ቢ መርፌ በየቦታው ይወጋል፤ የቫይታሚን እጥረት ከሌለ ለተጨመቀ ሥር የሚያደርገው የለም፤ ገንዘብ ነው የሚበላው።

ስለ ወጌሻ። ወልቃትን በመመለስ የተካኑ አሉ፤ ይህ ግን ወልቃት አይደለም። በሞቀ ዘይት ጡንቻን በስሱ ማሸት ያዝናናል፣ ይሁን። ወገብን መጠምዘዝ፣ ጀርባ ላይ መቆም፣ መተኮስ፣ ዋግምት ግን አይደረግ። ቲቢ የበላው አጥንት ሲጠመዘዝ ይሰበራል፣ ሰውየው እዚያው ሽባ ሊሆን ይችላል። በደነዘዘ እግር ላይ ትኩስ ድንጋይ ወይም ትኩስ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ማድረግም ሳይታወቅ ያቃጥላል።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የመድን ደብተራችሁን ያዙ፤ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሪፈር የሚጻፈው ከዚያ ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የሚወርድበትን መሥመር፣ የወሰዳችሁትን ክኒን ሁሉ፣ የጠዋቱን ፈተና ውጤት ጽፋችሁ ሂዱ። ጥሩ ምርመራ አስተኝቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ያነሣል፤ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያው ሕመም ባት ድረስ ከወረደ ሥሩ መነካቱን ያመለክታል። ጉልበትና ተረከዝ ጅማት በመዶሻ ይመታሉ፣ አውራ ጣት ይገፋል። ጫማ ሳያስወልቁ ማዘዣ ከተጻፈላችሁ «ዶክተር፣ እባክዎ የእግሬን አቅም ይዩልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

ራጅ አጥንትን ያሳያል፤ ዲስክንና ነርቭን አያሳይም። ኤምአርአይ ያሳያል፤ ግን አደገኛ ምልክት ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ሕክምናውን አይቀይርም። ወገባቸውን አሟቸው በማያውቁ ሰዎች ላይም ያበጠ ዲስክ በብዛት ይታያል። ስለዚህ ውጤቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል ስለተጻፈ ብቻ ቀዶ ሕክምና አይታሰብ። ቀዶ ሕክምናው የእግሩን ሕመም ቶሎ ይቀንሳል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ሳይቀደዱ ከታከሙት ጋር ብዙ አይለያይም። እግሩ እየዛለ ወይም ሽንቱ እየተያዘ ላለው ሰው ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም።

መድኃኒትና የፊዚዮቴራፒ ትእዛዝ ይዛችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም የጠዋቱን ፈተና ቀጥሉ። የቀጠሮ ወረቀቱ የሦስት ሳምንት ቀን ቢይዝም፣ ዛሬ ማታ ሽንት ከተያዘ ወይም ነጠላ ጫማው ከእግር ሲወልቅ ካልታወቀ ወረቀቱን ይዛችሁ ዛሬውኑ ሂዱ።